የእንቅልፍ ሰዓት ቅጠሎች

ሴፕቴምበር 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለወላጆች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዣ ነበር። አሁን ግን ለንዴቴ ይሁን። ቤት የሚሰማኝ ሰው የለም። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ደግሞ የተናገርኩት ሁሉ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ዳይሬክተሯ ጆሮ ይገባል።

ዛሬ ሙጫ ልበደር ጎረቤት ክፍል ገባሁ። ኡልያና የምትባለው አዲሷ አስተማሪ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የልጆቿን የመኸር ሥራ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ምን ዓይነት ሥራ! ቅጠሉ ካልሲ ይመስላል፣ እንጉዳዩ የተረገጠ ድንች ይመስላል። አንደኛው ዛፍ ደግሞ ግንዱ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች ነው።

«ይሄን ወላጅ ሊያየው ነው?» አልኳት።

«የልጆቹ እኮ ነው፣ ኔሊ አርካድየቭና።»

«የልጆቹ መሆኑማ ይታያል!»

ሳቀች። አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ነው የሳቀችው። ሙጫውን ሳልወስድ ወጣሁ።

እዚህ መዋዕለ ሕፃናት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በከተማው የመኸር ኤግዚቢሽን የኔ ክፍል ስድስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ወጥቷል። የምስክር ወረቀቶቹ በሙሉ ዳይሬክተሯ ቢሮ ነው የተሰቀሉት፣ እሷ የቆረጠቻቸው ይመስል።

ሴፕቴምበር 9

ሃያ ሁለት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ጃርት። የዚህ ሳምንት ሥራ «ጃርት በቅጠል መሃል» ነው። ገላዋን ከቡናማ ካርቶን እኔ ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ፤ ቅጠሉን ከቢጫና ከቀይ ወረቀት ራሳቸው ቆርጠው ይለጥፋሉ። ይለጥፋሉ ስል እንግዲህ ጠረጴዛው ላይም፣ እጅጌያቸው ላይም ነው። ዬሊሴይ የማርፋ ጸጉር ላይ ለጠፈ። እሷ አለቀሰች፣ እሱም አብሮ አለቀሰ፣ ሙጫው ግን አልለቅ አለ።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛሉ። እነሱ ሲተኙ እኔ ትንሽ አስተካክላለሁ። ማስተካከል ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም የለውም። የተጣመመውን ማቅናት፣ የፈሰሰውን ሙጫ መጥረግ፣ የተቦጫጨቀውን በአዲስ መተካት። ይህን የማያደርግ አስተማሪ የለም። የማታደርገዋን ግድግዳዋ ያሳጣታል።

ሳቫ የሚባለው ልጅ፣ ባለፈው ወር ነው አምስት የሞላው፣ ጃርቷን ለጥፎ ሲያበቃ ቅጠሉን ሁሉ በላይዋ ከመረባት። ጭራሽ አትታይም! የማትታይ ጃርት ምን ትሠራልናለች? ነቅዬ አወጣኋት፣ ቅጠሉ አናት ላይ አስቀመጥኳት፣ ዓይንም ሠራሁላት። አማረባት። ያበላሸውን ወረቀት የእትዬ ክሲንያ የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት።

እትዬ ክሲንያ ረዳቴ ናት። ትጠርጋለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላት። ሳቫን እያየች፣ «ይሄ ልጅ ዘበኛ ነው የሚወጣው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጋደም ብሎ አንድ ዓይኑን እንኳ አይከድን» አለች። እውነቷን ነው፣ ቀን አይተኛም።

ሴፕቴምበር 12

የሳቫ እናት ኢና ከዳቦ ፋብሪካው ተቻኩላ መጣች፣ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ነው። ጃርቷን ስታይ እዚያው ተንበረከከች። «ሳቫዬ! አንተ ነህ የሠራሃት? የኔ ጎበዝ!» እያለች ፎቶ አነሳች፣ ልጁን ሳመችው። እሱ ጃርቷን አየ፣ እኔን አየ። አመስጋኝ ልጅ አይደለም።

እሷ ግን እስክትወጣ ድረስ ፊቷ በርቶ ነበር። ሰው ከሥራው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሴፕቴምበር 18

ዝናብ። ማሞቂያው ገና አልተከፈተም። ልጆቹ ጃኬታቸውን እንደለበሱ የሰሞሊና ገንፎ ይበላሉ፤ ይበላሉም አይባል፣ የጓጎለውን እየለቀሙ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ። የሳምንቱ ሥራ እንጉዳይ ነው፤ ሳቫ የለጠፋቸው ሁለት ስለነበሩ ትንሹን ነቅዬ ጣልኩት።

ዳይሬክተሯ ቪዮሌታ ፓቭሎቭና ጠራችኝ። አንድ ነገር ስትፈልግ «አንቺ» ትለኛለች፣ ልትቀጣኝ ስትል «እርስዎ»። ዛሬ «አንቺ» ነበር። ኦክቶበር 9 ከከተማው ትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ፣ ልጆቹ ሲሠሩ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ወላጆችም ይጋበዛሉ። «ተስፋዬ አንቺ ላይ ነው ኔሊዬ፣ የዚያችን የጎረቤትሽን ክፍልማ ባሳይ ተዋረድን።»

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በእንግዶቹ ፊት የእንቅልፍ ሰዓት የለም።

ሴፕቴምበር 24

ሳቫ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መቀስ አያነሳ፣ ወረቀት አይነካ።

«ለምን አትሠራም?»

«እሺ» ይላል። ከዚያም ቁጭ።

ንድድ አለኝ። ሰነፍ! እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ስትጋግር ታድራለች፣ እሱ ወረቀት ማጠፍ ከበደው። በእንቅልፍ ሰዓት የሱን ከባዶ ተነስቼ ሠራሁት። ምን ላድርግ፣ ግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ባዶ ቢሆን እናቱ ምን ይሰማታል?

ዬሊሴይም አንድ ቅጠል ለጥፎ ሊጫወት ሄደ። ማርፋም ተከተለችው። የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም።

ኦክቶበር 2

ዛፍ። ሃያ ሁለት። ጣቴ በመቀሱ ውኃ ቋጠረ። ነገ ነጩ ወረቀት ያልቃል።

ኦክቶበር 9

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከትምህርት ቢሮ ሦስት ሴቶች መጡ፣ ከኋላ ስድስት ወላጆች ተቀመጡ። ኢናም አለች፣ ለዚህ ብላ የሥራ ተራ ቀይራለች። ሥራው ቀላል ነው፤ ዛፉ ተለጥፎ ቀርቧል፣ የሚረግፉትን ቅጠሎች ቆርጦ መለጠፍ ብቻ። ልጆቹ ጀመሩ። እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ሁሉም ጠማማ ነው፣ ግማሹ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ያያል። ግን ቢያንስ ይሠራሉ።

ሳቫ እጁ ጭኑ ላይ ነው። አጠገቡ ሄጄ «ጀምር እንጂ የኔ ቆንጆ» አልኩት በሹክሹክታ። ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ፣ ምስጢሬን እንደሚያውቅ ዓይነት።

ከእንግዶቹ አንዷ ጎንበስ አለችበት። «አንተስ የኔ ልጅ? ሥራህ የት አለ?»

«ይሠራል።»

«መቼ?»

«ተኝቼ ስነሳ ያልቃል።»

ወላጆቹ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «እንዴት ያልቃል?»

«እንዲሁ ያልቃል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

ከዚያ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችው፣ ከእሑድ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጠየቀችው። አፉን ዘጋ። ሰው ሲያፈጥበት ይዘጋዋል፣ የታወቀ ነው። ሦስቱም ተያዩ፣ አንደኛዋ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ኢና ፊቷ አመድ መሰለ።

ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ልጁ ሕልሙንና እውኑን እንደማይለይ አያውቁም ነበር? እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እርስዎ» ሆንኩ እንግዲህ።

ኦክቶበር 10

ልጅ ብዙ ነገር ይላል። ምን ማለቱ እንደነበር እኔ በምን ላውቅ?

ኦክቶበር 14

ተወሰነ። የልጆችን የአእምሮ ዕድገት የሚመረምረው የሐኪሞች ኮሚሽን ሳቫን ያየዋል፣ ኖቬምበር 5። ኮሚሽኑ «ዘግይቷል» ካለ ከዚህ ወጥቶ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ልዩ ክፍል ይሄዳል። እዚያ የገባ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሲገባም ወረቀቱ ይከተለዋል።

ዳይሬክተሯ ይህን ለእናቱ የነገረቻት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ኢና የልጁን ቦቲ በእጇ እንደያዘች። ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት እንዲህ ይናገራል? ዳይሬክተሯ ስትሄድ ኢና እኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ኔሊ አርካድየቭና፣ እርስዎ ያውቁታል። ቤት ያወራል እኮ! እስከ መቶ ይቆጥራል። አውቶቡሱን በቁጥሩ ይለየዋል። ለምንድን ነው ያን ቀን እንደዚያ የሆነው? ምን ነካብኝ?»

«ምንም አልነካውም» አልኳት። «ከኔ ክፍል ማንም አይወስደውም።» ማልኩላት። ከልቤ ነው የማልኩት። ቪዮሌታ ፓቭሎቭና ይህን ልጅ ከክፍሌ የምታወጣው እኔን ረግጣ ካለፈች ብቻ ነው።

ኦክቶበር 16

ቢሮዋ ገብቼ ጮኽኩ። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ብልህ ነው፣ እናንተ ናችሁ ያስደነበራችሁት አልኳት። እሷ ብዕሯን እያሽከረከረች አዳመጠችኝ።

«ጤነኛ ከሆነ ለምን አልሠራም? መልሱን ይስጡኝና ነገውኑ አሰርዘዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዋ ስድስቱ የምስክር ወረቀቶች ተሰቅለዋል። አፌን ዘጋሁ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ፋይሉ! የያንዳንዱን ልጅ ሥራ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየስሙ አስቀምጫለሁ። ጃርቷ አለች፣ እንጉዳዩ አለ፣ ዛፉ አለ። ኮሚሽኑ ይየው፣ እንዲህ የሚሠራ ልጅ እንዴት ዘግይቷል ይባላል? ማስረጃ ማለት ይሄ ነው።

ኦክቶበር 17

እትዬ ክሲንያ ወጥ ቤት ከምግብ ሠሪዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት። «ቆራጯ እሷ፣ ተቀጪው ሕፃኑ» አለች።

ስገባ ሁለቱም ሳህን ማንኳኳት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም። ከትናንት ወዲያ እኮ የሻይ ብስኩት አምጥቼላት ነበር! ሰው አይረባም።

ኦክቶበር 21

ይህቺ ኡልያና የሚሏት ግቢ ውስጥ ያዘችኝ። ልጆቹ ቅጠል ላይ ይንከባለላሉ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኔሊ አርካድየቭና፣ ስለ ሳቫ አንድ ነገር ልበልዎት? ትናንት በር ላይ ቆሞ የኛን ልጆች ሲያይ ወረቀት ሰጠሁት። ሠራ እኮ። ብቻ ሁለት ጊዜ ‹የኔ ነው? አይጣልም?› ብሎ ጠየቀኝ። ለኮሚሽኑ ቢነግሩለት…» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምነግራቸው?» አልኳት።

ጆሮዋ ቀላ።

«ምኑን? ንገሪኝ እንጂ! አንቺ ስትወለጂ እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ የሰው ልጅ አፍንጫ እጠርግ ነበር። የካልሲ ቅጠል እየሰቀልሽ ልታስተምሪኝ ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን። ይመልከቱ። ማን ሆና ነው? ማን ሆና ነው የኔን ልጅ ከኔ በር ላይ ጠርታ ወረቀት የምትሰጠው? ‹አይጣልም?› አለ ትላለች። ዋሽታ ነው። ልጅ እንደዚያ አይናገርም።

ኦክቶበር 26

ሳቫን ለብቻው ይዤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። «ና፣ አብረን እንለማመድ። ይኸው መቀስ፣ ይኸው ቢጫ ወረቀት። ቅጠል ቁረጥልኝ።»

መቀሱን ቀስ አድርጎ ወደኔ ገፋው። «አንቺ ሥሪው። ያንቺ ያምራል።»

«አይ፣ አንተ ነህ የምትሠራው።»

ወሰደ፣ ቆረጠ። ከጫፉ ጀምሮ ወደ መሃል ገባ፣ ሊበጥሰው ነው። ዐሥር ቀን ነው የቀረው! ዐሥር ቀን! «እንደሱ አይደለም፣ ቆይ ላሳይህ» ብዬ ከእጁ ወሰድኩት። ለማሳየት ነው። ቆርጬ ስጨርስ ልጁ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮቱን ያይ ነበር።

ማስተማር እንግዲህ እንዴት ነው የሚደረገው? ሃያ ስድስት ዓመት ያደረግኩት ምን ነበር?

ይሄን ነገ እሰርዘዋለሁ። ደክሞኝ ነው።

ኦክቶበር 30

የመኸር በዓል። ዝናቡ በረዶ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ልጆቹ የወረቀት ቅጠል ዘውድ ደፍተው ዘፈኑ፣ ሁለቱ ዘውዳቸውን በሉት።

የኤግዚቢሽኑ ውጤት ተነበበ። አንደኛ ወጣን፣ ሰባተኛ ጊዜ። የዓመቱ ምርጥ ሥራ የተባለው ደግሞ ጃርቷ ናት። የሳቫ ጃርት። ዳይሬክተሯ በሳምንቱ ውስጥ «ዘግይቷል» ብላ ልትሸኘው ያለችውን ልጅ ሰው ፊት ጠርታ የምስክር ወረቀት ሰጠችው፣ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። እንዲህ ዓይነት ድፍረት!

ሳቫ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አዳራሹን ሁሉ አቋርጦ ወደኔ መጣና ዘረጋልኝ። «ያንቺ ነው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንዷ እናት «እዩት እንዴት እንደሚወዳት!» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። እኔም ተቀበልኩት። ልጅ አስተማሪውን ሲወድ እንደዚህ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልመልስለት?

ኖቬምበር 5

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ከጻፍኩት ምናልባት ይለቀኛል።

ኮሚሽኑ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ኢና፣ ሳቫ፣ እኔ። ሳቫ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩ በውኃ ተለብዷል። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ዋናዋ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች አሮጊት ሐኪም ናት። እኔ ቀድሜ ጀመርኩ፤ ያን ቀን የሰው ብዛት አስፈርቶት ነው፣ ሌላ ጊዜ ግን ይኸውላችሁ ሥራው፣ አልኩና ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ሐኪሟ አንድ በአንድ ገለጠችው። «በጣም ንጹሕ ነው።»

«አዎን» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«ለአምስት ዓመት ልጅ በጣም ንጹሕ ነው» አለች እንደገና። ያኔ ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማሁ፣ ግን ዘግይቼ ነበር።

ሥራዎቹን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው፣ ራሷም የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ና እስቲ ሳቫ። ከነዚህ ውስጥ የቱን ሥራህን ነው የምትወደው?»

አሰበ። «የኔን ሥራ?»

«አዎ፣ ያንተን።»

«የኔ እዚህ የለም።»

«የት ነው ያለው?»

«እትዬ ክሲንያ ባልዲ ውስጥ።»

ጣልቃ ልገባ ስል ሐኪሟ በእጇ አስቆመችኝ። ከዚያ ልጁ ተናገረ። ያ አፍ የለውም የተባለው ልጅ! በጣቱ እያሳየ አንድም ሳያስቀር ዘረዘረው። «ጃርቷን ከቅጠሉ ሥር ነበር ያስገባኋት፣ ብርዱ ሊመጣ ስለሆነ። እዚያ ነው የምትተኛው። ስታወጣት በረዳት። እንጉዳዩ ሁለት ነበር፣ ትልቁ እናቱ ናት። ትንሹን ጣለችው። ይሄን ዛፍ ደግሞ እኔ አልሠራሁትም፣ ዝም ነው ያልኩት፣ ብሠራውም ይጣላላ።»

«ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅህ?»

«አልተኛማ። ዓይኔን እንደዚህ አድርጌ አያለሁ።» አሳያት፣ በሽፋሽፍቱ መሃል። ከዚያ ወደኔ ዞር አለና መልሶ ወደሷ፣ «አትቆጪያት እሺ? እንዲያምር ብላ ነው።»

ኢናን ለማየት አልደፈርኩም።

ሐኪሟ ባዶ ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ሰጠችው። «የፈለግከውን ሥራልኝ።»

«ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«ማንም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለእናትህ ትሰጣታለህ።»

ሠራ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ለእኔ ሃያ ዓመት መሰለኝ። መቀሱ ሲስት፣ ሙጫው ሲፈስ እጄ አላስቀምጥ ስላለኝ ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት። ይሄን እኔ ራሴ እንኳ ማመን አቃተኝ፤ ልጄ ሊተርፍ ነው፣ እኔ የማስበው የወረቀቱን ጠርዝ ነው። የሠራው ረጅም ግራጫ ነገር ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ቁራጭ አለበት። «ይሄ መንገዱ ነው፣ ከዳቦ ፋብሪካው እስከ ቤት። ይቺ እማዬ ናት። ስለምትቸኩል ነው እግሯ የማይታየው።»

ሐኪሟ ብዙ ሳቀች። ከዚያም፣ «ልጁ ምንም አልጎደለውም። ከብዙዎቻችን የተሻለ ያስታውሳል» ብላ ፈረመች። ፋይሉን ወደኔ መለሰች፣ ሳታየኝ። «ለአስተማሪዎች የምሞላው ቅጽ የለኝም» አለች።

ውጪ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ኢና የልጁን ኮፍያ አሰረች፣ አስራ ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

«ኢና፣ ስሚኝ…» አልኳት።

«ሦስት ሳምንት አለቀስኩ» አለች፣ ኮፍያውን እያየች። «እርስዎ ላይ ተደፍቼ ነው ያለቀስኩት።»

ልጁን ይዛ ሄደች። አልተከተልኳትም። የአውቶቡስ ፌርማታው አንድ ነው፣ እነሱ እስኪሄዱ ከክሊኒኩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ።

ኖቬምበር 7

ቪዮሌታ ፓቭሎቭና በሩን ቆልፋ ተቀበለችኝ። «አንቺ» ነኝ እንደገና።

«ለማን አውርተሻል? የኤግዚቢሽኑ ሰዎች እንዳይሰሙ። አንቺ ደግሞ! ሁሉም የሚያደርገው ነገር እኮ ነው፣ ምን ነበር ልጁን ብታስተኚው!»

ሁሉም ያደርገዋል። የኔ ቃል ነው። አሁን ከሷ አፍ ሰማሁት። ደሞ ልታጽናናኝ ሻይ ቀዳችልኝ። ስድስቱን፣ አይ ሰባቱን፣ የምስክር ወረቀቶች ከግድግዳው ላይ አውርጄ ፊቷ ላይ መወርወር ነበረብኝ። ሻይዋን ጠጣሁ። ስኳርም ጠየቅኩ።

ራሴን ነው ማነቅ ያለብኝ። ኦክቶበር 9 ቀን፣ ያቺ ሴትዮ «እንዴት ያልቃል?» ስትለው፣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቄ ነበር። ገና ከአፉ ሳይወጣ አውቄው ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ኖቬምበር 11

ኢና ማመልከቻ አስገባች። ሳቫ ከኔ ክፍል ወጥቶ ወደ ኡልያና ክፍል እንዲዛወርላት። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፈችም። ዳይሬክተሯ ያንኑ ቀን ፈረመችበት፣ ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ።

ከክፍሌ ማንም አይወስደውም ብዬ ምዬ ነበር። ቢሮው አልወሰደው፣ ኮሚሽኑ አልወሰደው።

ኖቬምበር 13

የእንቅልፍ ሰዓት ሊደርስ ሲል ኢናና ሳቫ መጡ፣ ዕቃውን ሊወስዱ። ኢና ሰላም አለችኝ፣ አዎ፣ ሰላም አለችኝ፣ እንደማንኛውም ሰው። ቁም ሳጥኑን ባዶ አደረገች፤ የጓንት ጥንድ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የጠበበ ነጠላ ጫማ። ኡልያና ኮሪደር ላይ ቆማለች፣ ዓይኔን ላለማየት ወለሉን ታያለች። እትዬ ክሲንያ ልጆቹን ወደ አልጋ እየነዳች «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ፒጃማ!» ትላለች።

እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ። ጠዋት የሠሩት የበረዶ ሰው ሃያ አንዱም ፊቴ ተደርድሯል፣ ጠማማው፣ አንገት የሌለው፣ ሦስት ዓይን ያለው። መቀሱም እዚያው ነው።

ሳቫ ከእናቱ እጅ ወጥቶ መጣ። የበረዶ ሰዎቹን አየ፣ መቀሱን አየ። ከዚያ እጄን ነካ አደረገኝ፣ ትልቅ ሰው የታመመ ሰው እንደሚነካው።

«አትዘኚ እሺ? የኔን ኡልያና ጋ ራሴ እሠራዋለሁ» አለኝ። «አንድ ቀነሰልሽ። አሁን አንቺም ትንሽ ትተኛለሽ።»

እናቱ ሰማችው። ኡልያናም ሰማች። «እሺ» አልኩት።